ማይነር ምን ልያዝ ለምትሉኝ፦ ጄሮንቶሎጂ ያዙ

የዘመድ ልጆች ዩኒቨርሲቲ በገቡ ቁጥር ይደውሉልኛል። «ሜጀሬ ይሄ ነው፣ ማይነር ምን ልያዝ?» ይሉኛል። ሜጀር ዋናው የሚመረቁበት ትምህርት ነው፣ ማይነር ደግሞ ከሱ ጎን የሚያዝ አነስ ያለ ሁለተኛ ትምህርት። መልሴ ሁሌም አንድ ነው። ጄሮንቶሎጂ። ከዚያ ስልኩ ላይ ዝም ይባላል፣ ቀጥሎ «እሱ ደግሞ ምንድን ነው?» ይመጣል። ለእያንዳንዱ ከማስረዳ አንዴ ልጻፈው ብዬ ነው። ሌሎቻችሁም ብታነቡት ደስ ይለኛል፣ በተለይ ቤታችሁ ውስጥ አንድ ሽማግሌ ወይም አንዲት አሮጊት ካሉ።

ጄሮንቶሎጂ እርጅናን የሚያጠና ትምህርት ነው። ሰው ሲያረጅ ሰውነቱ ምን ይሆናል? ሐሳቡስ? ገቢው፣ ቤተሰቡ፣ ኑሮው እንዴት ይለወጣል? ሕጉ ስለሱ ምን ይላል? ይሄን ሁሉ ይዞ ነው የሚሄደው። አረጋውያንን የሚያክመው የሕክምና ክፍል ጄሪያትሪክስ ይባላል፣ ጄሮንቶሎጂ ከሱ ይሰፋል። ስሙን ያወጣለት ፓሪስ በፓስተር ኢንስቲትዩት ይሠራ የነበረው ኤሊ ሜችኒኮፍ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1903። ሰውነት በሽታን እንዴት እንደሚከላከል ባጠናው ጥናት በ1908 ኖቤል የተሸለመው ሰውዬ ነው።

እኔ የቢቸና ልጅ ነኝ። አሜሪካ የተማርኩት አካውንቲንግ ነው። ማታ ማታ ደግሞ እንደ ብዙው ሐበሻ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ እሠራ ነበር፣ ማጠብ፣ ማልበስ፣ ማብላት። ሥራው ነው ወደ ትምህርቱ የወሰደኝ። እዚያ አገር በብዙ ኮሌጆች ማይነር ማለት ከ15 እስከ 18 ክሬዲት አካባቢ ነው፣ አምስት ወይ ስድስት ኮርስ። አንዱ ስለ ሰውነት፣ አንዱ ስለ ሥነ ልቦና፣ አንዱ ስለ ማኅበራዊ ኑሮና ፖሊሲ፣ አንዱ ስለ ሞትና ሐዘን፣ አንዱ ደግሞ ወጥቶ አረጋውያን ባሉበት ቦታ መሥራት ነው። አሁን ደብረ ማርቆስ ከእናቴ ጋር ነው የምኖረው፣ የተማርኩት ደግሞ እዚህ በየቀኑ ያስፈልገኛል።

ለምን እንደሚያስፈልገኝ ልንገራችሁ።

እኛ አገር ትልቅ ሰው ጉልበቱን ሲያመው «እርጅና ነው» ይባላል። ዓይኑ ሲደክም «እርጅና ነው»። ሲረሳ፣ ሲወድቅ፣ ምግብ እምቢ ሲል፣ ሌሊት ሲቃዥ፣ ሁሉም «እርጅና ነው»። ራሳቸውም ይሉታል፣ ልጆቻቸውም ይሉታል፣ ከዚያ በኋላ ማንም አይጠይቅም። ትምህርቱ የመጀመሪያው ሴሚስተር ላይ የሚያደርገው ነገር ይሄን መበጠስ ነው። የቱ ነው ከዕድሜ ጋር የሚመጣው፣ የቱ ነው በሽታ የሆነው? የሚታከመውስ የቱ ነው?

ዓይንን እንውሰድ። በአገራችን ሰውን ከሚያሳውሩ ነገሮች ዋናው የዓይን ሞራ ነው። የዓይን ሞራ ደግሞ በአጭር ቀዶ ሕክምና ይወጣል፣ ሰውዬው ብዙ ጊዜ በዚያው ቀን ወደ ቤቱ ይመለሳል። እንደዚያም ሆኖ በየገጠሩ ምርኩዙን በሕፃን ልጅ እያስያዙ የሚመሩ አባቶች አሉ፣ ልጁ ትምህርት ቤት መሆን ሲገባው። እርጅና ነው ተብሎ ተቀምጧል። ትራኮማው ሌላ ነው፣ እሱም በአማራ ክልል ብዙ ሰው የጎዳ በሽታ ነው፣ የዓይን ሽፋሽፍታቸው ወደ ውስጥ ታጥፎ ብሌናቸውን የሚፍቃቸው እናቶች በወረንጦ እየነቀሉ ይኖራሉ። እሱም ቀዶ ሕክምና አለው።

መርሳትንም እንውሰድ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ሕይወት የሚያተርፍ ነገር ነው። አንዲት እናት በዓመታት ውስጥ ቀስ እያለች መርሳት ከጀመረች አንድ ነገር ነው። ትናንት ደህና የነበረች ሴት ዛሬ ልጇን ካላወቀች፣ የሌለ ሰው ካየች፣ ቀን ተኝታ ሌሊት ከቃዠች ግን ያ ሌላ ነገር ነው፣ ዴሊሪየም ይባላል፣ አስቸኳይ ነው። ከሥሩ የሽንት ኢንፌክሽን ሊኖር ይችላል፣ የሳንባ ምች፣ የውኃ ማነስ፣ ወይም አዲስ የተጀመረ መድኃኒት። በትልቅ ሰው ላይ ደግሞ ኢንፌክሽን ያለ ትኩሳት ሊመጣ ይችላል። ግንባሯን ዳሰው «ትኩሳት የላትም» ብለው የሚተዉት ለዚህ ነው። እኛ ጋ መጀመሪያ የሚታሰበው ጠበል ነው። ጠበሉንም ይጠመቁ፣ እኔም እናቴን ይዤ እሄዳለሁ፣ ግን በዚያው ቀን ሽንታቸውም ይመርመር። አንዱ ሌላውን አይከለክልም።

ውኃንም ካነሳሁ አይቀር፣ ዕድሜ ሲገፋ የጥማት ስሜት ይቀንሳል። ሰውነት ውኃ ሲያንሰው እንኳ ትልቅ ሰው ላይጠማው ይችላል። ሁዳዴ ላይ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾሙ፣ የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስዱ፣ ከዚያ ብድግ ሲሉ ዓይናቸው ጭልም የሚልባቸው እናቶችን እስቲ አስቧቸው። ይሄን ለእናቴ እኔ ብነግራት አትሰማኝም ነበር። የንስሐ አባቷን ነው ያነጋገርኩት። እሳቸው ሲነግሯት ሰማች።

እ.ኤ.አ. በ1969 ሮበርት በትለር የሚባል አሜሪካዊ የሥነ አእምሮ ሐኪም ሰውን በዕድሜው ብቻ ማግለልና ዝቅ ማድረግ «ኤጂዝም» የሚል ስም እንዲኖረው አደረገ፣ ልክ እንደ ዘረኝነት ሁሉ። በ1974 አሜሪካ ስለ እርጅና ምርምር የሚያደርግ ብሔራዊ ተቋም ስታቋቁም የመጀመሪያው ኃላፊ እሱ ሆነ። ይሄን ስማር «እኛ ጋ እንኳ የለም፣ እኛ ትልቅ ሰው እናከብራለን» ብዬ አስቤ ነበር። እናከብራለንም። ከመቀመጫችን እንነሳለን፣ እጅ እንነሳለን፣ ምርቃት እንቀበላለን። ግን አንድ ጤና ተቋም ውስጥ ከእናቴ ጋር ስገባ ባለሙያው እሷን ትቶ እኔን «ምን አመማቸው?» አለኝ። እናቴ እዚያው ተቀምጣለች። ትሰማለች፣ ትናገራለች፣ የት እንደሚያማት ከኔ በላይ ታውቃለች። ልጁ ባለጌ አልነበረም፣ እንዲያውም ትሁት ነው። ማንም እሷን ጠይቅ ብሎ አላስተማረውም።

መድኃኒት ላይ የገጠመኝን ልንገራችሁ። አንድ የዘመድ ሽማግሌ፣ ጋቢ ለብሰው፣ ከዘራቸውን ግድግዳ ላይ አስደግፈው፣ የመድኃኒታቸውን ፌስታል አምጥተው ጭኔ ላይ ዘረገፉት። ኢናላፕሪል አለ፣ ለደም ግፊት። ሃይድሮክሎሮታያዛይድ አለ፣ እሱም ለግፊት፣ ሽንት የሚያሸና ነው። ከሥር ደግሞ ዳይክሎፌናክ፣ ለጉልበታቸው፣ ከመድኃኒት ቤት ራሳቸው የገዙት፣ ካርቶኑ ግማሽ ደርሷል። ሦስቱ አንድ ላይ ሲሆኑ ኩላሊትን ሊጎዱ ይችላሉ፣ ዳይክሎፌናኩ ብቻውን ደግሞ የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል። ስለዚህ ግፊታቸው እምቢ ሲል መጠን ይጨመርላቸዋል፣ ጉልበታቸው ሲያማቸው እሳቸው ይጨምራሉ። ሐኪም ስላልሆንኩ «ይሄን ተዉ» አላልኳቸውም። ፌስታሉን እንዳለ ይዘን ፋርማሲስት ጋ ሄድን። ማርክ ቢርስ የሚባል ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1991 ከባልደረቦቹ ጋር ለትልቅ ሰው የማይመከሩ መድኃኒቶችን ዝርዝር አውጥቶ ነበር፣ ዝርዝሩ እስከ ዛሬ እየታደሰ ይሠራበታል። የዕድሜ ባለጸጋ ኩላሊት መድኃኒትን ቶሎ አያስወጣም፣ ለጎልማሳ ልክ የሆነው ለሳቸው ሊበዛ ይችላል። እናንተ ፋርማሲስት ባትሆኑም ፌስታሉን ገልብጦ የማየት ልማድ ይኑራችሁ።

አሁን ደግሞ የጤና ትምህርት ለማትማሩ ልጆች። ሲቪል ኢንጂነሪንግ፣ አርክቴክቸር፣ ሕግ፣ አካውንቲንግ፣ ግብርና። «ይሄ የነርሶች ነው» አትበሉ።

ሲድኒ ካትዝ የሚባል ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1963 ስድስት ነገር ለይቶ አስቀመጠ። መታጠብ፣ መልበስ፣ መጸዳጃ ቤት መጠቀም፣ ከአልጋ መነሳት፣ ሽንትና ሰገራን መቆጣጠር፣ መመገብ። አንድ ሰው እነዚህን ራሱ ይሠራል ወይስ ሰው ይፈልጋል? ቀጥሎ በ1969 ሎውተንና ብሮዲ የሚባሉ ተመራማሪዎች ከፍ ያሉትን ጨመሩ፣ ስልክ መደወል፣ ገበያ መውጣት፣ ምግብ ማብሰል፣ ልብስ ማጠብ፣ መድኃኒትን በሰዓቱ መውሰድ፣ ገንዘብን ማስተዳደር እና የመሳሰሉት። እነዚህኞቹ ናቸው መጀመሪያ የሚጎድሉት። እኔ ይሄን ዝርዝር ለጎጃም እናት ብሠራው እንዲህ አደርገዋለሁ፦ ጠላ መጥመቅ ትችላለች ወይ? ምጣድ ፊት ቆይታ እንጀራ ጋግራ ትጨርሳለች? ሰንበቴ ሄዳ ትመለሳለች? ማኅበሯ ሲደርስ ራሷ ትደግሳለች ወይስ ማኅበሩን አውጥታዋለች? አንዲት ሴት ለዘመናት ስትጠጣው የኖረችውን ማኅበር ስትተው ቤተሰቡ «ደከማት» ብሎ ያልፈዋል። እኔ ከሆንኩ እዚያ ላይ ቁጭ ብዬ እጠይቃታለሁ። መሄዱ ነው የከበዳት? ሽንት አልይዝ ብሏት አፍራ ነው? ወይስ የድግሱ ቅደም ተከተል ከአእምሮዋ እየጠፋ ነው? ሦስቱም ሦስት የተለያየ መፍትሔ አላቸው።

አካውንቲንግ ለምትማሩ ደግሞ ይቺን ያዙልኝ። የመርሳት በሽታ ቀድሞ ከሚታይባቸው ቦታዎች አንዱ ገንዘብ ነው። ሒሳብ መሳት፣ አንዱን ዕዳ ሁለቴ መክፈል፣ ያበደሩትን መርሳት፣ በቀላሉ መታለል። ባንክ መስኮት ላይ የተቀመጠ ልጅ ይሄን ካወቀ ስንት ሰው ከመዘረፍ ይድናል!

ግንባታ የምትማሩ ልጆች፣ እናንተን አክስቴ ቤት ብወስዳችሁ ደስ ይለኛል። አንድ ቀላል መለኪያ አለ። ሰውዬው ወንበር ላይ ይቀመጣል፣ ተነስ ይባላል፣ ሦስት ሜትር ይራመዳል፣ ዞሮ ተመልሶ ይቀመጣል። 12 ሴኮንድና ከዚያ በላይ ከፈጀበት የመውደቅ አደጋ አለው ተብሎ ይታያል። አክስቴ ቤት ወንበር የለም፣ በርጩማ ነው። ከሱ ስትነሳ መጀመሪያ ሁለት እጇን ጉልበቷ ላይ አደረገች፣ «በስመ አብ» አለች፣ አንድ ጊዜ ሞክራ ተመልሳ ተቀመጠች፣ ከዚያ ግድግዳውን ይዛ ቆመች። ሰዓቱን አላየሁትም፣ ማየትም አላስፈለገኝም። ከበሩ እስከ መጸዳጃ ቤቱ ያለውን መንገድ ተመለከትኩ። ከፍ ያለ ደፍ፣ ከሱ ወዲያ ክረምት ላይ የሚያዳልጥ ጭቃ፣ ከሱ ወዲያ ቁጢጥ ተብሎ የሚገባበት ጉድጓድ፣ ሌሊት መብራት የለም። ሰፈር ያለ አናጺ ጠርተን መሐሉ ክፍት የሆነ የእንጨት መቀመጫ አሠራን፣ ከግድግዳው ላይ የሚያዝ አጣና መታን፣ ደፉን ዝቅ አስደረግን። ያን ያህል ወጪ አልጠየቀም። አሁን ማታ ማታ ውኃ መጠጣት ጀምራለች። ለካ ሌሊት እንዳትወጣ ብላ ነበር የማትጠጣው።

ወደ ፖሊሲው ኮርስ ልምጣ። ብዙ ተማሪ ይሄን ኮርስ አይወደውም፣ እኔ ግን ከሁሉም በላይ ያሳሰበኝ እሱ ነው። እኛ «ጧሪ ቀባሪ» ይስጥህ ብለን እንመርቃለን። ሁለቱን አንድ ላይ ነው የምንጠራቸው። የመቅበሩን ነገር ተባብረን ሠርተንበታል። እድር አለን፣ ድንኳኑ፣ ወንበሩ፣ ድስቱ፣ ለቅሶ ላይ የሚቆመው ሰው፣ መዋጮው፣ የቅጣቱ ደንብ ሳይቀር ተጽፎ ተቀምጧል። የመጦሩ ነገር ግን ለልጅ ብቻ የተተወ ነው። ልጁስ የት አለ? አንዱ መተማና ሑመራ ለሰሊጥ ወርዶ በዚያው ቀረ፣ አንዷ ዓረብ አገር ናት፣ ሌላው አዲስ አበባ ቤት ኪራዩን ከፍሎ የሚተርፈው የለም። ክፉ ልጆች አይደሉም። ሽማግሌው መሬቱን የእኩል ሰጥቶ ግማሽ ምርት ይጠብቃል፣ ወይም «ጡረኝ» ብሎ ለአንዱ ያወርሳል፣ ከዚያ መጦሩ ሲጓደል ክርክሩ ፍርድ ቤት ይደርሳል። ሕግ የምትማሩ፣ እዚህ ላይ የምትሠሩት ብዙ ነገር አለ።

የመንግሥት ሠራተኛ 60 ሲሞላው ጡረታ ይወጣል፣ የግል ድርጅት ሠራተኛም እ.ኤ.አ. ከ2011 ወዲህ የጡረታ አዋጅ አለው። ገበሬው ግን ጡረታ የለውም። ዕድሜውን ሙሉ ሲያርስ የኖረ ሰው ጉልበቱ ሲያልቅ ገቢውም አብሮ ያልቃል። ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 41 ላይ መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አረጋውያንን ይንከባከባል ይላል። ይሄን ጽሑፍ ወደ ሥራ የሚቀይሩት ግን በጀት የሚያወጡ፣ ደንብ የሚያረቁ፣ ወረዳ ላይ የሚቀመጡ ሰዎች ናቸው፣ እነሱ ደግሞ የዛሬ ተማሪዎች ናችሁ። በአገራችን ከ60 ዓመት በላይ የሆነው ሰው ከመቶ አምስት ገደማ ነው። ትንሽ ይመስላል። ከመቶ ሚሊዮን በላይ በሆነ ሕዝብ ውስጥ ግን በሚሊዮን የሚቆጠር ሰው ነው።

ስለ ሞትና ሐዘኑ ኮርስ ብዙ አልልም። ሳልስት፣ አርባ፣ ሙት ዓመት ያለው ሕዝብ ስለ ሐዘን ከመጽሐፍ በላይ ያውቃል። አንድ ነገር ብቻ፦ ሊሞት ያለ ሰው በሽታውን ሳይነገረው የመሞቱ ልማዳችን ላይ እዚያ ክፍል ውስጥ ቁጭ ብሎ ማሰብ ጥሩ ነው።

ከሁሉም የወደድኩት ግን ዕድሜን ከዘመን ጋር የሚያይበትን መንገድ ነው። አንድ ላይ የተወለዱ ሰዎች አንድ ዓይነት ክፉና ደግ አይተው ነው የሚያረጁት። እኛ ጋ ብዙ ትልቅ ሰው የተወለደበትን ዓመት በቁጥር አያውቅም፣ ካርዱ ላይ የሚጻፈው የመዝጋቢው ግምት ነው። አንድ አባት ካርዳቸው ላይ 80 ተብሎ ተጽፏል። «አባባ፣ የጎጃም ገበሬ በግብሩ ምክንያት ባመፀ ጊዜ እርስዎ ምን ይሠሩ ነበር?» አልኳቸው። አመፁ በ1960 ዓ.ም. ነው። «ጥጃ እጠብቅ ነበር» አሉኝ። ጎጃም ያደገ ሰው ይሄን ይረዳዋል። ልጅ መጀመሪያ ጥጃ ነው የሚጠብቀው፣ ከዚያ በግ፣ ከዚያ ከብት፣ ከዚያ ነው ሞፈር የሚይዘው። ጥጃ ጠባቂ ከሆኑ ስድስት ሰባት ዓመት ቢሆናቸው ነው። ስለዚህ 80 አይደሉም፣ ወደ 65 ገደማ ናቸው። ልዩነቱ ቀላል እንዳይመስላችሁ። «80 ዓመታቸው ነው፣ ምን ይደረግ» የሚባል ሰውና «65 ናቸው፣ ለምን እንዲህ ተጎዱ?» የሚባል ሰው እኩል አይታከሙም።

ጥያቄውን ከጠየቅኳቸው በኋላ ደግሞ ማውራት ጀመሩ። መሬት ላራሹ ሲታወጅ፣ ዘመቻ ተማሪዎች ሲመጡ፣ ወንድማቸው ሲታፈስ። ሮበርት በትለር እ.ኤ.አ. በ1963 የጻፈው ይሄን ነው፦ ትልቅ ሰው ያለፈውን ደጋግሞ ማንሳቱ የመጃጀት ምልክት አይደለም፣ ሕይወቱን እየመዘነ፣ ከራሱ ጋር እየታረቀ ነው። ከሱ በፊት ብዙ ሐኪም «እንዳያወሩ አድርጓቸው» ይል ነበር። እናንተም አያታችሁ ያንኑ ታሪክ ለስንተኛ ጊዜ ሲነግሯችሁ «ነግረውኛል እኮ» አትበሏቸው። ስልካችሁን ከፍታችሁ ቅዱት። አንድ ጥያቄም ጨምሩ፣ ያልተነገረው የሚወጣው ያኔ ነው።

«ሥራ ያስገኛል ወይ?» ትሉኛላችሁ፣ ልክ ናችሁ። ማይነር ብቻውን የትም አገር ሥራ አያስቀጥርም። ከሜጀራችሁ ጋር ሲሆን ግን ከሌላው ይለያችኋል። ውጭ አገር ለምትሄዱ ደግሞ በቀጥታ ይጠቅማል፣ አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1946 እስከ 1964 የተወለደው ያ ትልቁ ትውልድ አሁን እያረጀ ነው፣ ተንከባካቢም አስተዳዳሪም ይፈልጋል። እዚህ አገር የሥራ ማስታወቂያ ላይ ቃሉን አላየሁትም፣ አልዋሻችሁም። ደብረ ማርቆስ፣ ባሕር ዳርና እንጅባራ ዩኒቨርሲቲ ያላችሁ መምህራን ግን አስቡበት። ሶሻል ወርክ፣ ነርሲንግ፣ ሶሲዮሎጂ፣ ሕግ፣ ኢኮኖሚክስ፣ ሁሉም ካለው ላይ አንድ አንድ ኮርስ ቢያዋጣ ማይነር ይወጣዋል። አዲስ ሕንፃ አይጠይቅም። ለተግባር ልምምዱ ደግሞ አረጋውያን በየቤቱ አሉ።

ትምህርት ቤታችሁ ውስጥ ከሌለ ደግሞ በኢሌክቲቭ፣ ማለትም ራሳችሁ በምትመርጧቸው ኮርሶች ሰብስቡት፣ የመመረቂያ ጽሑፋችሁንም እዚያ ላይ አድርጉት። የአጎቴ ልጅ አካውንቲንግ የመጨረሻ ዓመት ናት። የምትጽፈው ስለ አንድ የሰፈር እድር ሒሳብ ነው፦ ከሚሰበሰበው መዋጮ ላይ ትንሽ ቀንሶ በሕይወት ላሉ፣ አልጋ ለያዙ አባላት ቢውል ሣጥኑ ይችለዋል ወይ? ስንት ቀባሪ፣ ስንት ጧሪ ያስፈልጋል? አማካሪዋ መጀመሪያ ርዕሱን አልወደደውም፣ አሁን እሺ ብሏል። የእድሩ ጸሐፊም መዝገቡን ሊያሳያት ተስማምቷል፣ ቅዳሜ ከስብሰባው በኋላ ነይ ብሏታል።